ቅዳሜ ከሥሯ፣ እሁድ ከመሪዋ

የመኪና ዘይት ስትቀይሩ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። ማፍሰሻው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ይህን የተማርኩት ገና ስጀምር፣ በአንድ ቅዳሜ ነው። የአሮጌዋ ላንድክሩዘሬን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለውን የጥርሶች ቤት) ዘይት ልቀይር ሥሯ ገባሁ። የታችኛው ቡሎን በቀላሉ ተፈታ። አሮጌው ዘይት ወርዶ አለቀ። አዲሱን ልሞላ ወደ ላይኛው ቡሎን ስዞር ግን ንቅንቅ አልል አለኝ። ዝገት ከቤቱ ጋር አጣብቆታል። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥዬ ስታገል የቡሎኑ ጠርዝ ተላጠ። መኪናዋ ያለ ዘይት ዘጠኝ ቀን ቆመች። በመጨረሻ አንድ በያጅ ዳዶ በላዩ ላይ በይዶ አወጣልኝ። ስለዚህ መሙያው እንደሚፈታ ሳታረጋግጡ ማፍሰሻውን አትንኩ። ለካምቢዮውም (ለማርሽ ሳጥኑ)፣ ለፊት ዲፈረንሻሉም ይኸው ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። 70 ተከታታይ የሚባለው ዝርያ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው። የእኔዋ የ1990ዎቹ ሥሪት ናት። ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍታ ነው፤ ባለሙያዎች 1ኤችዜድ ይሉታል። ተርቦ የለውም። ኮምፒውተርም የለውም። ፊቷም ኋላዋም በባሌስትራ፣ በተደራረበ የብረት ምላስ፣ ነው የቆመው። ዳገት ላይ ዝግ ትላለች። ግን ሁሉም ነገሯ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል። የወደድኳትም ለዚህ ነው።

ስገዛት ትልቅ ስህተት ሠራሁ። ደብተር አውጥቼ መሠራት ያለበትን ሁሉ ጻፍኩ። 23 ነገር ሆነ። ከዚያ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሦስቱን አንድ ላይ ጀመርኩ። የፊት ጎማዎቹን ቤት ፈታሁ፣ ራዲያተሩን አወረድኩ፣ የውስጥ ምንጣፉን ገሸለጥኩ። አንዱ ዕቃ ሲጠፋ ሌላውን እጀምራለሁ፤ የሌላው ሳይመጣ ሦስተኛውን። ሰባት ሳምንት ቆመች። የትኛው ቡሎን የየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ደስታውም ሄደ። አሮጌ መኪና ገዝተው ሳይነዷት የሚሸጡ ሰዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚሰበሩት።

ያወጣኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» አልኩት። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ቅዳሜ የፈታኸውን ቅዳሜ ግጠመው። እሁድ ውሰዳትና ጠይቃት።»

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ይሄ ነው። ቅዳሜ አንድ ሥራ፣ እሁድ ያንን ሥራ የሚፈትን አንድ መንገድ። የፍሬን ሥራ ከሆነ ቁልቁለት ያለበት ቦታ እሄዳለሁ። የማቀዝቀዣ ሥራ ከሆነ ረጅም ዳገት። ሥራው በቅዳሜ የማያልቅ ከመሰለኝ ቀድሜ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ካልተከፈለ ደግሞ አልጀምረውም። መንገዱም ሩቅ መሆን የለበትም። ቢበላሽ ሰው ደርሶ የሚጎትተኝ ርቀት ላይ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሥርዓት ውጭ አደረግሁ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ቆሞ ነበር የገዛኋት። ይህ ሞተር የታይሚንግ ቀበቶ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራትም አለው። መቁጠሪያው ከቆመ ግን መብራቱም አያውቅም። ቀበቶው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያ ማለት ሞተሩ ተከፍቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ የትም ሳልነዳት ቀበቶውን ከነመወጠሪያው አስቀየርኩ። እኔ አልነካሁትም፣ ለባለሙያ ሰጠሁ። የናፍታ ፖምፓውንም እንደዚሁ። ራሴ ልሥራው ማለት ሁሉንም ራሴ ልሥራው ማለት አይደለም። ታሪኩን የማታውቁት ሞተር ካላችሁ ቀበቶውን እንዳለቀ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ። ዘጠኝ ቀን ባቆመኝ ዲፈረንሻል ውስጥ የነበረው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከየት እንደገባ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስትነዱ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ያ አየር የሚወጣበት ትንሽ መተንፈሻ አክስሉ ላይ አለ። በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ስትገቡ አየሩ በአንዴ ይኮማተራል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየር መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ በዘይት ማገጃ የጎማ ቀለበቶቹ በኩል ውኃውን ይስበዋል። መተንፈሻው ክፍት ቢሆንም ራሱ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል።

መፍትሔው ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው። የድሮውን መተንፈሻ ፈትታችሁ በቦታው የቱቦ መያዣ ታስራላችሁ። ከዚያ ናፍታና ዘይት የማይጎዳው ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ላይ ትወስዱታላችሁ። የፊቱን ወደ ኮፈኑ ውስጥ፣ የኋላውን በሻሲው አድርጋችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ። ጫፉ ላይ ትንሽ ማጣሪያ አድርጉ። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ፦ ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ባሌስትራው ሲዘረጋ እንዳይወጠርም ለቀቅ ብሎ ይታሰር። እኔ የመጀመሪያውን አጥብቄ አስሬው አንድ ጉድጓድ ላይ ተነቀለ።

በማግስቱ እሁድ አንድ ጅረት ጋ ሄድን። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ቀድማ ገባች፤ እኔ ከኋላዋ። በእግር ያልተሻገራችሁትን ውኃ በመኪና አትግቡበት። ጉልበት ድረስ ነበር፣ መሬቱም ጠጠር። ውኃው ቆመን እንዳንራመድ የሚገፋን ቢሆን ኖሮ እመለስ ነበር፤ ሰውን የሚገፋ ውኃ መኪናንም ይገፋል። ከመግባታችን በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ቆመን ሁሉም በረድ እንዲል ጠበቅን። የፊት ጎማዎቹን ከዘንጎቻቸው ጋር የሚያያይዙትን ቁልፎች አሰርኩ፣ በዝቅተኛው፣ ባለ ጉልበቱ የማርሽ ክልል በሁለተኛ ገባሁ። ሳልፈጥን፣ ሳልቆም፣ ማርሽ ሳልቀይር። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ከፊት ትንሽ ማዕበል እየገፋች ስትሄድ ከማዕበሉ ኋላ ያለው ውኃ ዝቅ ይላል፤ ያንን ማዕበል ይዞ መውጣት ነው ዘዴው።

ሞተሩ ውኃ ውስጥ ቢጠፋ ግን ሞተሪኖውን አትምቱ። አየር በሚገባበት ውኃ ከሳበ፣ ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል። ጎትቶ ማውጣትና ማየት ይሻላል። ከውኃ ስትወጡ ደግሞ ጥቂት ሜትር ፍሬን እየነካካችሁ ሂዱ። የኋላው ከበሮ ፍሬን ውኃ ይዞ ይቆያል፤ መጀመሪያ ስትረግጡት የማይዝ ይመስላል።

በቀጣዩ ቅዳሜ መሙያውን ፈትቼ ጣቴን አስገባሁ። ዘይቱ ንጹሕ ነበር። ሥራዬ ራሱ ሲመልስልኝ የሰማሁት ያኔ ነው። አሁንም ከእያንዳንዱ ውኃ በኋላ ይህን አደርጋለሁ።

ስለ ዘይት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር። ለዲፈረንሻል 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 የሚባለውን እጠቀማለሁ። ካምቢዮው ውስጥ ግን ጂኤል-4 ነው የማደርገው። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ድኝ ያለበት ቅመም የአሮጌ ካምቢዮን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላቸው ይችላል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁም የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ እመኑ።

ከሁሉም የከበደኝ ሥራ የፊት ጎማዎቹ ነበሩ። በዚህ ዓይነት መኪና የፊት ጎማ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ኳስ የሚመስል የብረት ቤት አለ። ውስጡ በግራሶ የተሞላ ነው። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት ሲያረጅ ዘይቱ ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና ጥቁር ሾርባ ይሆናል። ያ ሾርባ በጎማው የውስጥ ጎን ይወርዳል፣ አንዳንዴም ፍሬኑን ይነካል። የእኔዋ በሁለቱም በኩል ታፈስ ነበር።

አንዱን ጎን ብቻ ለመሥራት ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ጠዋት ጀምሬ ማታ በባትሪ መብራት ጨረስኩ። የበላው ጊዜ መፍታቱ አይደለም፣ ማጽዳቱ ነው። ያ አሮጌ ግራሶ በናፍታና በጨርቅ ተደጋግሞ እስኪጠራ ድረስ አዲሱን ብታስገቡበት ትርጉም የለውም። ኩሽኔታዎቹን አጥቤ አየሁ፤ አንዱ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሩ፣ ቀየርኩት። አዲሱን ግራሶ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ ኩሽኔታውን እየጫንኩ በሌላኛው ወገን ብቅ እስኪል ሞላሁት። ለውስጠኛው መጋጠሚያ ሞሊብዲነም ያለበትን ጥቁሩን ግራሶ ተጠቀምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ጎን ስሠራ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። እጅ ይማራል።

ፈተናው ቀላል ነው። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁና ጠፍጣፋ ቦታ ቆምኩ። እጄን በጥንቃቄ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጋሁ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እጅ የማያስነካ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም። የቀኙ ሞቆ ነበር። እዚያው በክሪክ አንስቼ፣ ዳዶውን ትንሽ አላልቼ ተመለስኩ። ይህን ረጅም መንገድ ላይ ከማወቅ ቤት አጠገብ ማወቅ በጣም ይሻላል። እስከ ዛሬም በየመንገዱ በቆምኩ ቁጥር አራቱንም እነካለሁ።

የትራንስሚሽኑን (ኃይሉን ወደ አክስሎቹ የሚያደርሰውን ዘንግ) ክሮቼራዎች፣ ማለትም መስቀል መጋጠሚያዎች፣ ግራሶ ማጠጣት ደግሞ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። አሮጌው ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፉ። ተንሸራታቹ መጋጠሚያ ላይ ግን ጥቂት ብቻ፤ ከበዛ ውስጡ ተጨናንቆ መንሸራተት ይከለከላል። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀይሩ «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ የምታዩት እዚህ ነው።

ስለ አራቱ ጎማ መጎተት ብዙ አዲስ ባለቤት የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ አራቱ ሲያዙ የፊቱና የኋላው አክስል አንድ ላይ ይቆለፋሉ። መታጠፊያ ላይ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት አንድ አይደለም። አሸዋና ጭቃ ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ይለቀዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መሸርተት ስለማይችል ጉልበቱ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፤ ማርሹም አልወጣም ይላል። ከደረሰባችሁ አትታገሉት፤ ጥቂት ሜትር በቀጥታ ወደ ኋላ ስትነዱ ይለቃል። በተቃራኒው ደግሞ የፊት ቁልፎቹን ለወራት ሳይነኩ መተውም ጥሩ አይደለም። በወር አንዴ ልቅ አፈር ላይ አስራችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ፤ የፊቱ ዘይትና ግራሶ ይንቀሳቀሳል፣ ቁልፎቹም አይደርቁም።

ከጉዞዎቻችን ሁሉ ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ አሸዋ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበርኩ። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ ገባንና እስከ አክስል ሰመጥን። አንድ ሰዓት ቆፈርን። ድንጋይ አነጠፍን፣ ቅርንጫፍ አስገባን፣ እሱ ገፋ፣ እኔ ነዳሁ። ጎማው በዞረ ቁጥር የበለጠ ወረደች። ፀሐዩ በረታ፣ ውኃችንም እያነሰ ሄደ። ፈራሁ። ከዚያ ወንድሜ «ጎማውን አስተንፍሰው እስቲ» አለኝ። የአየር ግፊቱ 36 ፒኤስአይ ላይ ነበር። አራቱንም ወደ 18 አወረድን። ከየጎማው ፊት ያለውን አሸዋ ጠርገን፣ በዝግታ በመጣንበት ፈለግ ወደ ኋላ ሳብኳት። እንዲሁ ወጣች።

አየር ሲቀንስ ጎማው በስፋት ብቻ አይደለም የሚተኛው፤ በርዝመትም ነው። እንደ ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ክብደቱም ይከፋፈላል። እኔ አሁን አሸዋ ሳይ ከመግባቴ በፊት ነው የማወርደው። ከ15 በታች አልሄድም፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። በዚያ አየር አልፈጥንም፣ በድንገትም አልታጠፍም። አስፋልት ከመድረሴ በፊት መልሼ እሞላለሁ። ስለዚህ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፖምፓ ከሌላችሁ አየር አታውጡ። ለዚህች መኪና ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የረባው ያ ፖምፓ ነው። ዊንች፣ መኪናዋ ላይ የሚታሰር የመጎተቻ ማሽን፣ ልገዛ ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር፤ ተውኩት።

ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋባችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተቱ። መሪውን መቆጣጠር ያቅታችኋል፤ መኪናዋም ወደ ጎን ዞራ ልትገለበጥ ትችላለች። የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የእጁን ሳቡ፣ በዝቅተኛው የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ከዚያ ማርሽ ውስጥ እንዳለች አስነሷት፤ ቀስ እያላችሁ የሁለቱንም ፍሬን ልቀቁ። ሞተሩ ራሱ ይዟት ይወርዳል። አንዳንድ መኪና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ አይነሳም፣ የእናንተን ቀድማችሁ እወቁ። እኔና ባለቤቴ ይህን አጭር ዳገት ላይ ደጋግመን ተለማመድን። መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ሳላስበው ነው የማደርገው። ቁልቁለትም እንዲሁ ነው፦ ዝቅተኛው አንደኛ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ወርዶ።

ሦስት ነገር ላይ ድርድር የለኝም። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አልገባም፣ የብረት መቆሚያ ሳይገባ። ስንጎተት ገመዱን ተሳቢ የሚያያዝበት ኳስ ላይ አናስርም፤ ያ ኳስ ተነቅሎ እንደ ጥይት ሄዶ ሰው ገድሏል። ገመድ ሲወጠርም ሰው አጠገቡ አይቆምም፣ በተለይ ልጆች። መሐሉ ላይ ከባድ ጨርቅ ወይም ጃኬት እንጥልበታለን።

ለጉዞ የምይዘው እያነሰ ነው የሄደው። በመጀመሪያው ዓመት ፖርቶ መጋላውን ሞልቼ ነበር የምወጣው፤ መኪናዋ ወደ ጎን ባዘመመ መንገድ ላይ ስትወዛወዝ ልቤ ይወርድ ነበር። አሁን ከባዱ ሁሉ ታች ነው፦ አካፋ፣ ውኃ፣ የመለዋወጫ ቀበቶና የራዲያተር ቱቦ፣ የናፍታ ፊልትሮ፣ ፊውዝ፣ የመጎተቻ ገመድ። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ፍራሽና ድንኳን ብቻ ነው። ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ከመውጣታችን በፊት አፈስሳለሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁሉንም ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ነገር። የመቁጠሪያው ገመድ ነበር የተበጠሰው፤ እሱም የአንድ ቅዳሜ ሥራ ሆነ።

ከ23ቱ ሥራዎች 17ቱ ተሰርዘዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የኋላ ባሌስትራዎቹ ጎሚኒዎች (የመጋጠሚያ ጎማዎች) ተራ ነው። ቡሎኖቹ ከሠላሳ ዓመት ዝገት ጋር ናቸው፣ ስለዚህ ከዛሬ ረቡዕ ጀምሬ በየማታው ዝገት ማላቀቂያ እረጭባቸዋለሁ። እሁድ የምንሄድበትን መንገድ ባለቤቴ መርጣለች፤ ድንጋያማ ነው፣ ባሌስትራ ይፈትናል።